ቤዝመንት ለተከራያችሁ ልጆች

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ቤዝመንት (ከቤቱ ሥር ያለ ምድር ቤት) ለምትኖሩ ወጣቶች፤

በከተማው አሮጌ ሰፈሮች የዝናብ ውኃና የሽንት ቤት ፍሳሽ የሚሄዱት በአንድ ቱቦ ነው። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ቱቦው ይሞላና ወደ ኋላ ይመልሳል፤ መውጫው ደግሞ ዝቅ ያለው ቀዳዳ፣ ማለትም የእናንተ ሻወር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ብሉሚንግዴል በሚባለው የዲሲ ሰፈር ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። ስለዚህ የገባውን ውኃ እንደ ንጹሕ አትቁጠሩት። የረጠበ ምንጣፍና ፍራሽ ይጣላል፤ ፀሐይ አያድነውም።

ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መብቀል ይጀምራል። ድራይዎል፣ ማለትም የውስጥ ግድግዳው የተሠራበት የጂፕሰም ሰሌዳ፣ ወረቀት የለበሰ ስለሆነ ውኃውን እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ ይስበዋል። ውኃው ከደረሰበት ምልክት በላይ ቢያንስ አንድ ጫማ ያህል ተቆርጦ ካልወጣ፣ ከጀርባው የተደበቀው ሻጋታ ማደጉን ይቀጥላል። በረኪና ቀብቶ፣ ከላይ ቀለም ደርቦ «አለቀ» የሚል አከራይ ሥራውን አልሠራም።

ዕዳው የማን ነው? የግድግዳው፣ የቱቦውና የሻጋታው ጽዳት የአከራዩ ነው። የዲሲ ሕግ፣ ተከራይ በጽሑፍ ካሳወቀ አከራዩ በ7 ቀን ውስጥ መጥቶ እንዲያይ፣ ካየ በኋላም በ30 ቀን ውስጥ እንዲያጸዳ ያዛል። ሻጋታው 10 ስኩዌር ፊት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው የሚያጸዳው።

ብዙዎቻችሁ የምትወድቁት «በጽሑፍ» የምትለው ቃል ላይ ነው። አከራዩ ያገር ልጅ ነው፤ ቤቱ የተገኘው በሰው በሰው ነው፤ ኪራዩ በካሽ ነው። ደውላችሁ «ጋሼ፣ ትንሽ ውኃ ገብቶብን ነበር» ትሉና ይሉኝታ ይዟችሁ ትቀመጣላችሁ። በስልክ የተባለውን በኋላ ማስረዳት ይከብዳል። ደውሉ፣ ግን ወዲያው በቴክስት አስከትሉ፦ «ጋሼ፣ ትናንት ሌሊት በሻወሩ በኩል ፍሳሽ ገብቷል። በአልጋው በኩል ያለው ግድግዳ ላይ ሻጋታ ወጥቷል። ፎቶውን ልኬያለሁ።» ይህ ስድብ አይደለም።

የእናንተም ድርሻ አለ። ሳትዘገዩ ማሳወቅ፣ የረጠበውን ማውጣት፣ ሠራተኛ ሲመጣ በር መክፈት፣ የክፍሉን አየር እርጥበት ከ60 በመቶ በታች ማድረግ። መስኮት ክፍት ትታችሁ ዝናብ ካስገባችሁ ግን ጥፋቱ ወደ እናንተ ይዞራል።

ተናዳችሁ ኪራይ አታቋርጡ፤ ባለመክፈል ትከሰሳላችሁ። መጀመሪያ የከተማውን የተከራዮች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አማክሩ። የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሕግ የተሰጠ መብት ነው።

ኢንሹራንስ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ተራው የተከራይ ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ከተገዛ 30 ቀን ሳይሞላው አይሠራም፤ ደግሞም ቤዝመንት ውስጥ ያለ ሶፋና ልብስ አይከፍልም። እናንተን የሚጠቅመው «የፍሳሽ መመለስ» የሚባለው ተጨማሪ ሽፋን ነው፤ ለይታችሁ ጠይቁ።

ገና የምትከራዩ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት ፍሳሽ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ መኖሩን ጠይቁ። ባለፉት 3 ዓመታት የታወቀና በባለሙያ ያልጸዳ ሻጋታ ካለ አከራዩ በጽሑፍ የመንገር ግዴታ አለበት። የግድግዳው ግርጌ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ ጎንበስ ብላችሁ አሽትቱት።