ሚዛኑ ቆመ ብለሽ ምግብ አትቁረጪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የጨጓራ ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ከታች ካለው አንጀት ጋር የሚያገናኝ የክብደት መቀነሻ ኦፕሬሽን) ከተሠራሽ 5 ወር ሆኖሻል። ከ118 ኪሎ ወደ 94 ወርደሻል። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። 160 ኪሎ የነበረው የአጎትሽ ልጅ በዚሁ ጊዜ 40 ኪሎ ቀንሷል። ዘመድ አዝማዱ «ያ ሁሉ ብር ባከነ» ማለት ጀምሯል። አንቺም ምግቡን በግማሽ ልቀንስ ወይስ ጥቂት ቀን ውሃ ብቻ ልጠጣ ብለሽ ጠየቅሽ። ሁዳዴ ሲገባም ይቀንስልኛል ብለሽ ተስፋ አድርገሻል።

አብሽሪ። መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ምግብ አትቀንሺ። ውሃ ብቻ መጠጣቱንም እንዳትሞክሪው። እኔ ደሴ ነው የምኖረው፤ አዲስ አበባ ሄጄ ከተሠራሁ ዓመታት አልፈዋል። ሚዛን ሲቆም ሆድ እንዴት እንደሚባባ አውቀዋለሁ። ግን አንቺ የጻፍሽውን ቁጥር ሳይ እንኳን ልጨነቅልሽ፣ ደስ ነው ያለኝ።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ከ118 ላይ 24 ኪሎ ወረደ ማለት ከመላ ክብደትሽ አንድ አምስተኛው ሄደ ማለት ነው። የአጎትሽ ልጅ ከ160 ላይ 40 ሲቀንስ ሩቡ ነው የሄደለት። ልዩነታችሁ በኪሎ ሲታይ ሰፊ ይመስላል፣ በድርሻ ሲታይ ግን ተቀራራቢ ነው። እሱ ደግሞ ወንድ ነው፤ ጡንቻው ብዙ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ፈጠን ይላል። በባይፓስ ብዙ ሰው ከመነሻ ክብደቱ ከሩብ እስከ ሲሶ ይቀንሳል። ያ ደግሞ በ5 ወር የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ዓመት፣ ዓመት ተኩል ይፈጃል። ላንቺ ሩቡ 30 ኪሎ፣ ሲሶው 39 ኪሎ ገደማ ነው። 24ቱን አውርደሻል። ባከነ የሚለው ሰው ይሄን ሂሳብ አልሠራውም።

አሁን ለምን ቆመ? መጀመሪያ ላይ እንደ ጉድ የወረደው ሁሉ ስብ አልነበረም። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የተጠራቀመ ስኳር አለ። እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ምግብ ድንገት ሲቀንስ መጀመሪያ የሚሄደው እሱና ውሃው ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ገና በ3ኛው ሳምንት አካባቢ የመጀመሪያውን መቆም አይቶ የሚደነግጠው። ያንቺ ግን ከዚያ የተለየ ነው። ሰውነትሽ አንሷል። ሩብ ኩንታል ጤፍ ከጀርባሽ ወርዷል፤ ዳገት ስትወጪ፣ ስትተኚ፣ ስትተነፍሺ ሁሉ የምታቃጥይው ከበፊቱ ያነሰ ነው። ስለዚህ አካሄዱ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆማል፤ ከዚያ ደግሞ ይቀጥላል። ደረጃ እየሠራ ነው የሚወርደው። ቶሎ አለመውረዱም አንድ ጥቅም አለው፦ ክብደት በጣም ሲፈጥን የሐሞት ጠጠር የመያዝ ዕድል ይጨምራል።

ምግብ በግማሽ ብትቀንሺ ምን ይሆናል? በቂ ፕሮቲን ካልገባ ሰውነት የራሱን ጡንቻ ይበላል። ሚዛኑ ለጊዜው ይወርድልሻል፤ ግን የወረደው እንዲቀር የማትፈልጊው ነው። ጡንቻ ሲያንስ የምታቃጥይው ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ፀጉርም ይረግፋል። ከ3ኛው ወር ጀምሮ ፀጉር መርገፉ የታወቀ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ ራስሽን ብታስርቢ ግን ይብስብሻል። ለኛ ዓይነቱ ሰው በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ነው የሚመከረው። አንቺ ስንት እንደምትበዪ አልጻፍሽም። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው።

አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው። አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ገደማ። 100 ግራም የበሰለ ዶሮ ወይም ዓሣ ከ20 በላይ። ወልድያና ደሴ የሐይቅ ዓሣ ከተገኘ ከሱ የሚሻል የለም፤ ለስላሳ ነው፣ አይከብድም። ቀይ ሥጋ ከሆነ በደንብ የተከተፈ ወይም የተፈጨ ይሁን። ወተት ሆድሽን ከነፋው ወደ እርጎና አይብ ዙሪ፤ ከኦፕሬሽኑ በኋላ ወተት የሚያስቸግረው ሰው ብዙ ነው።

የኔ ምሳ ይሄን ይመስላል። ትሪ ላይ ከሰው ጋር እቀርባለሁ፣ ግን ከፊቴ ትንሽ ሳህን አለች። ዶሮ ወጥ ከሆነ ሥጋውን ከአጥንቱ ፈልፍዬ በጣቴ እበትነዋለሁ። ከእንቁላሉ ግማሹን አደርግበታለሁ። መጀመሪያ እሱን እጨርሳለሁ። ከዚያ ጎመን ወይም ቲማቲም። እንጀራ መጨረሻ ላይ ናት፣ መዳፌን የምታክል፣ ያውም ቦታ ከተረፈ። እንጀራ ቀድሞ ከገባ ያቺ ከጨጓራ የተሠራች ጠባብ ከረጢት ትሞላና ለዶሮው ቦታ አይኖርም። ሐኪሞቹ ሲሠሯት 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነበረች፤ አሁንም ብትሰፋ የስኒ ነገር ናት። ውሃ ከምግብ ጋር አልጠጣም፤ በልቼ ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። አብሮ ሲጠጣ ምግቡን ቶሎ ያወርደውና ቶሎ ያስርባል። በቀን ግን ሊትር ተኩል ውሃ መሙላት አለበት፣ በጥቂት በጥቂቱ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በኛ አገር የዚህ ኦፕሬሽን ፈተናው ምሳውና እራቱ አይደለም። በምሳና በእራት መካከል ያለው ነው። ቡናው! እኛ ወሎዬዎች ቡና እንዴት እንደምንጠጣ ታውቂያለሽ። ጠዋት አንዷ ጎረቤት ጋ፣ ከሰዓት ሌላዋ ጋ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ስኒው ውስጥ ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ካለ ሦስቱ ስኒ ብቻ 100 ካሎሪ ገደማ ነው። ከዚያ ቆሎው አለ። አንድ ሙሉ እፍኝ የገብስ ቆሎ 180 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ሱፍና ኦቾሎኒ ከገባበት ይበልጣል። ቆሎ ደግሞ እንደ ሥጋ አያጠግብም። ጥርስ አድቅቆት በቀላሉ ይወርዳል፤ እያወራሽ ስትቆረጥሚ ሰዓቱ ይሄዳል። በቀን ሁለቴ ይሄ ካለ ምሳሽን በግማሽ ብትቀንሺም ሚዛኑ አይወርድም። የሚቀነሰው ከዶሮው ሳይሆን ከዚህ ነው። ብርዝና ለስላሳም እንደዚያው፤ እነሱ ከፈሳሽ አይቆጠሩም፣ ስኳር ናቸው። ስኳር ከበዛ ደግሞ ልብ ድው ድው፣ ላብ፣ ማጥወልወል፣ ተቅማጥ ሊያመጣብሽ ይችላል። ዳምፒንግ የሚሉት እሱን ነው።

ቡናውን ተዪ አልልሽም። ቡና ትቶ ወሎ ውስጥ ከሰው ጋር መኖር ከባድ ነው፤ ደግሞም ዱአው፣ ምርቃቱ፣ ጨዋታው ያስፈልግሻል። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ስኳሯን እምቢ እላለሁ። አንድ ስኒ ጠጥቼ ሁለተኛዋን ይዣት እቀመጣለሁ፤ ስኒሽ ባዶ ካልሆነ ማንም አይሞላብሽም። ቆሎ ሲዞር እጄን አልሰበስብም፣ ያስቀይማል። ሶፍት ዘርግቼ እቀበላለሁና ለልጆቹ ቤት ይዤ እገባለሁ። «አፈር ስሆን!» «በሞቴ!» ሲበዛ ደግሞ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እውነቱን መናገር። «ሆዴን ተሠርቻለሁ፣ ከበላሁ ያመኛል» አልኳቸው። የኛ ሰው ለታመመ ያዝናል። ካወቁ በኋላ ጎረቤቶቼ ራሳቸው «ለሷ ስኳር አታድርጉባት» ይላሉ። ለቡና ሲጠሩኝም የተቀቀለ እንቁላል የምታዘጋጅልኝ አለች፤ አላህ ይስጣት።

ስለ ቡና ሌላም ነገር አለ። የብረት ኪኒንሽን ከቡናና ከሻይ አርቂ፤ ቡና ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላል። ከካልሲየሙም ቢያንስ በሁለት ሰዓት ይለይ። ብረት በብዛት የሚመጠጠው በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ባይፓሱ ምግቡን የሚያሳልፈው ያንን ቦታ ዘልሎ ነው። ስለዚህ ጤፍ ብረት አለው ብለሽ አትተማመኚ። መልቲ ቫይታሚን፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ ቢ12 ዕድሜ ልክ ናቸው። ደም ማነስ ካለብሽ ድካም ይይዝሻል፣ መራመድ ያስጠላሻል፤ ሚዛኑም ላይ ይታያል።

ሁዳዴን በተመለከተ። በኛ ቤት ሁለቱም ጾም አለ፤ የእናቴ ወገን ክርስቲያን፣ የአባቴ ወገን ሙስሊም ነው። ስለዚህ ጉዳዩ እንደማይቀልሽ ይገባኛል። ግን ሒሳቡ ከባድ ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። 60 ለመሙላት በቀን ከ600 ግራም በላይ ምስር ያስፈልግሻል፤ ያቺ ከረጢት ደግሞ አትችለውም። የጾም ገበታ ላይ የሚበዛው እንጀራ፣ ድንችና ዘይት ነው። ብዙ ሰው በጾም ወር ክብደቱ የሚቆመው፣ አንዳንዱም የሚጨምረው ለዚህ ነው። የንስሐ አባትሽ ጋ ሄደሽ ኦፕሬሽን ተሠርቻለሁ በያቸው፣ ሐኪም ያዘዘልሽንም ንገሪያቸው። እኔን ሐኪሜ በመጀመሪያው ዓመት ረመዳንን እንዳልጾም ከለከለኝ፤ ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ ውዬ ሊትር ተኩሉን በሌሊት መሙላት አይቻልም ነበር። ለበሽተኛ በኋላ ቀዷ ማውጣት (ያልጾሙትን ቀን በሌላ ጊዜ መጾም) የተፈቀደ ስለሆነ ልቤ አረፈ።

እንቅስቃሴ ላይ አላበዛም። መራመድ ጥሩ ነው፤ እኔ በባጃጅ እወጣው የነበረውን የአይጠየፍን ዳገት በእግሬ ነው የምወጣው። ግን ጡንቻ የሚያቆየው ክብደት ማንሳት ነው። ጂም አያስፈልግም። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልተሽ በሁለት እጅሽ እያነሳሽ አውርጂ፣ ከወንበር ተነሺ ተቀመጪ። አንድ ቀን እየዘለልሽ ይበቃል። ከባድ ከማንሳትሽ በፊት ቁስልሽ መጠገኑን ሐኪምሽ ያረጋግጥልሽ።

ሚዛኑንም እንየው። መንገድ ላይ ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ጋ እንደምትመዘኚ ጽፈሻል፤ አንዴ አንዱ ጋ፣ አንዴ ሌላው ጋ፣ ከነጫማሽ። ልጆቹን አልነቅፍም፣ ግን ሁለት ሚዛን ሁለት ኪሎ ሊለያይ ይችላል። የወር አበባ ሲቃረብ ሰውነት ውሃ ይይዛል፣ የብረት ኪኒን ደግሞ ሆድ ያደርቃል፤ እነዚህ ሁሉ ኪሎ ይመስላሉ። አንድ ሚዛን ምረጪ። በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት፣ ምግብ ሳትቀምሺ ተመዘኚ። በየቀኑ አትመዘኚ፣ ያሳምምሻል። ከልብስ ሰፊ ሜትር ገዝተሽ ወገብሽንና ዳሌሽን ለኪ። ሚዛኑ ቆሞ ሳለ ሜትሩ የሚቀንስበት ወር አለ።

ሐኪም ጋ ስትሄጂ ሳትደብቂ ንገሪ፦ ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ? የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ትወጊያለሽ? አንዳንድ ሴት ላይ ክብደት ይጨምራል። ኢንሱሊንና አንዳንድ የድብርት መድኃኒትም እንደዚሁ። የወሊድ መከላከያውንም ሆነ ሌላውን መድኃኒት ግን በራስሽ አታቋርጪ። ክብደት ሲቀንስ እርግዝና ቶሎ ይመጣል፤ ከኦፕሬሽኑ በኋላ ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር ባይረገዝ ነው የሚመከረው። አማትሽ ስለ ልጅ ቢጎተጉቱሽም ይሄን ንገሪያቸው። የሚዋጠው የወሊድ መከላከያ ኪኒን በኛ አንጀት በደንብ ላይመጠጥ ስለሚችል፣ በክንድ የሚቀበረውን ወይም ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን ሉፕ ጠይቂ። የታይሮይድ ምርመራም አሠሪ። ራስ ምታት ሲይዝሽ ደግሞ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ እንዳትወስጂ፤ የተሰፋው ቦታ ላይ ቁስለት ያመጣሉ።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ከባድ የሆድ ቁርጠት፣ የማይቆም ትውከት፣ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ጥቁር ሰገራ፣ እግር መደንዘዝ ወይም ነገሮች ሁለት ሆነው መታየት ከመጣብሽ በዚያው ቀን ሆስፒታል ግቢ፤ ባይፓስ መሠራትሽንም ገና በር ላይ ንገሪያቸው።

ለዘመዶችሽ 24 ኪሎ አንድ አምስተኛ መሆኑን ንገሪያቸው፤ ካልገባቸው አታስረጂ፣ ጉልበትሽን አትጨርሺ። ከነገ ጀምሮ ሦስት ቀን የበላሽውንና የጠጣሽውን ሁሉ ጻፊ፤ ከነስኳሩ፣ ከነቆሎው። ወዲህ ላኪልኝና ፕሮቲኑን አብረን እንደምረዋለን።