ያልተጻፈውን ዓረፍተ ነገር ፈልጊው

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ አዳማ ላይ ሥራ እየፈለግሽ ነው። የጽሑፍ ፈተና ስትቀመጪ ሒሳቡ አይከብድሽም። «ይህን ሙግት የሚያዳክመው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ላይ ግን ሁለት ምርጫ ይቀርሽና በግምት ታጠቁሪያለሽ።

ፍሬሽማን እያለሽ ሎጂክ ተምረሻል፤ ፕሪሚሱን፣ ማለትም የሙግቱን መነሻ ሐሳብ፣ ከድምዳሜው መለየት አያቅትሽም። የሚያመልጥሽ በሁለቱ መሀል ያለው ነው፤ ጸሐፊው እውነት ነው ብሎ ይዞት፣ ግን ሳይጽፈው ያለፈው ታሳቢ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ መጣ እንበል። አዳማ ያለ አንድ ሆቴል ጥር ላይ የክፍል ዋጋ ቀነሰ። በዚያው ወር ክፍሎቹ ሞሉ። ስለዚህ እንግዳ ያመጣው ቅናሹ ነው።

አንዱ ምርጫ «የሆቴሉ ገቢ አልጨመረም» ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ ምክንያቱም ቅናሹን የሚነቅፍ ይመስላል። ሙግቱ ግን ስለ እንግዳ እንጂ ስለ ገቢ አላወራም። ሌላው ምርጫ «ሆቴሉ ዋጋ ባልቀነሰባቸው ዓመታትም ጥር ላይ ይሞላል» ይላል። መልሱ ይሄ ነው። ጥር የሠርግ ወር አይደል? ዘመድ ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ ማደሪያ ይፈልጋል። ጸሐፊው «ቅናሹ ባይኖር ክፍሎቹ አይሞሉም ነበር» ብሎ በልቡ ይዟል። እሱን ነው የነካሽበት።

ከተጠራጠርሽ ታሳቢውን ገልብጪው። «ቅናሹ ባይኖርም ይሞሉ ነበር» ብለሽ ድምዳሜውን እንደገና አንብቢ። ከተንገዳገደ አግኝተሽዋል። ደግሞ ማዳከም ማለት ውሸት መሆኑን ማረጋገጥ አይደለም። ጥርጣሬ ከፈጠረ ይበቃል። የሆቴሉን ዋጋ መቀነስም አትከራከሪበት፤ የተሰጠሽን ተቀበዪ።

ለልምምድ የጂማትና (GMAT) የኤልሳት (LSAT) የቆዩ ጥያቄዎችን ፈልጊ፤ የውጭ አገር የቢዝነስና የሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተናዎች ናቸው፤ እንዲህ ዓይነቱ እዚያ በብዛት አለ። በቀን አምስት ይበቃሻል። ምርጫዎቹን በእጅሽ ሸፍነሽ መጀመሪያ ታሳቢውን በራስሽ አማርኛ ጻፊው።

አንድ ነገር ግን ልቤን ነክቶታል። መጨረሻ ላይ «ሦስት ቦታ ሲቪ አስገብቼ አልተጠራሁም፤ በዚህ ውጤቴ ማንም አይቀጥረኝም» ብለሻል። ይሄም ሙግት ነው፣ እህቴ። ያልጠሩሽ በውጤትሽ ምክንያት መሆኑን ማን ነገረሽ? ማስታወቂያው 2 ዓመት የሥራ ልምድ ጠይቆ ቢሆንስ? ሦስቱን ማስታወቂያዎች አውጪና «ተፈላጊ ችሎታ» የሚለውን መስመር ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። አብረን እናየዋለን።