ቀይ ጫማ ወይስ የብር ጫማ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ለወላጆች በዓል ‹የኦዝ ጠንቋይ›ን ሊሠሩ ነው፤ እሷ ዶሮቲ ሆናለች። ፊልሙን ስልኬ ላይ አይታ «ጫማዬ ቀይ ካልሆነ አልወጣም» ብላ ድርቅ አለች። መምህሯ ደግሞ መጽሐፉ ላይ የብር ነው ይላሉ። ነጭ የሳቲን ሸሚዝም አሰፍቼላት ነበር፤ ልምምድ ላይ ላብ በላብ ሆነች። ምን ይሻለኛል?
እናት፣ ከቀፊራ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ እህቴ፣ መምህሯም ልጅሽም ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1900 በወጣው የፍራንክ ባውም መጽሐፍ ጫማው የብር ነው። በ1939 ፊልም ሲሆን ቀይ አደረጉት። ባለ ቀለም ፊልም ያኔ ብርቅ ነበር፤ ዶሮቲ የምትሄድበት ቢጫ መንገድ ላይ ቀይ ፍንትው ብሎ ይታያል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ዶሮቲ ፊልሙ ላይ የለበሰችው ሸሚዝ ነው። ነጭ መስሎሽ ከሆነ ተሸውደሻል። ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው! በዚያ ዘመን ፊልም ላይ ነጭ ሆኖ የሚወጣው እሱ ነበር። የጫማው ብልጭልጭም ደማቅ ቀይ ቢሆን ብርቱካናማ ስለሚመስል ጠቆር ያለውን መረጡ። ልብሱን የሰፉት ለካሜራው ነው። አንቺ ደግሞ የምትሰፊው ለድሬዳዋ የስድስት ሰዓት ፀሐይ ነው። ነጭ ሳቲን እዚያ ላይ መስታወት ነው፣ ዓይን ይወጋል። ላብም አይመጥም።

ስለዚህ ጥጥ ፖፕሊን ግዢ። ሻይ ቅጠል አፍልተሽ አጥልይ፣ ጨርቁን ነከር አድርገሽ ቶሎ አውጪው። ንጣቱ ይሰበራል። ለቀሚሱ ሰማያዊና ነጭ ዳማ ዳማ ያለው ጨርቅ ይበቃል፤ የመዋዕለ ሕፃናት ዩኒፎርም የሚሰፋበት ዓይነት። ከታች አራት ጣት እጥፋት አስቀሪ፣ ለከርሞም ትለብሰዋለች።

ሙቀቱን አትናቂ። ሐረር፣ መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ስሠራ ለአንድ ትንሽ ልጅ የአንበሳ ልብስ ከብርድ ልብስ ሰፋሁ። በጣም ኮርቼበት ነበር። ልጁ ከመድረክ እንደወረደ ጀሪካን አንስቶ ውሃውን አናቱ ላይ ደፋው። እናቱ እስካሁን ሰላም አትለኝም። የፊልሙ አንበሳማ የለበሰው እውነተኛ የአንበሳ ቆዳ ነበር፤ ሰውዬው እንዴት እንደቻለው እንጃ።

ለጫማው አዲስ አትግዢ። አሮጌ ካልሲ ላይ ጠቆር ያለ ቀይ ብልጭልጭ ስፊና የትምህርት ቤት ጫማዋን አልብሺው። ከሥር ግን ሶሉ እንዲወጣ ቅደጂው፤ ሲሚንቶ ላይ ካልሲ ያንሸራትታል።

ለመሆኑ አንበሳውን የሚሠራው የማን ልጅ ነው? ለእናቱ ስለ ብርድ ልብሱ ንገሪልኝ።