ጣልያን ላይ መኪና ልትከራዩ ነው? ሮም ላይ አትጀምሩ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከባለቤትሽና ከሁለት ልጆቻችሁ ጋር ለ10 ቀን ጣልያን ልትሄዱ ነው። ሮም 3 ቀን፣ ፍሎረንስ 2 ቀን፣ ቀሪውን 5 ቀን ደግሞ ቶስካና ገጠር። «ሮም ኤርፖርት ላይ መኪና ተከራይተን እስከ መጨረሻው በሱ ብንዞር ይሻላል ወይ? ባለቤቴ መንዳቱን ፈርቷል፣ የኢንሹራንሱ ነገርም አልገባኝም» ነው ያልሽው። እኔ እዚያ አገር ሦስት ጊዜ መኪና ተከራይቻለሁ። የመጀመሪያው ጊዜ ብዙ ገንዘብ አስከፍሎኛል። ስለዚህ የማውቀውን ሳልቆጥብ ልጻፍልሽ።

መልሴ ይሄ ነው፦ ተከራዩ፣ ግን ለመጨረሻዎቹ 5 ቀናት ብቻ። ሮምም ፍሎረንስም ውስጥ መኪና ምንም አይጠቅማችሁም። የቆመበትን ትከፍላላችሁ፣ ማቆሚያ ፍለጋ ትዞራላችሁ፣ የምታዩት ነገር ሁሉ ደግሞ በእግር የሚደረስ ነው። ከሮም ፍሎረንስ ፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የሚፈጀው። ልጆቹም በመስኮት እያዩ ይሄዳሉ። ቶስካና ገጠር ግን ያለ መኪና ይከብዳል። አውቶቡሶቹ ጥቂት ናቸው፣ መንደሮቹ ኮረብታ ላይ ናቸው፣ ከልጅና ከሻንጣ ጋር አይሆንም። መኪናው ዋጋውን የሚያወጣው እዚያ ነው።

አሁን እኔን ወዳስከፈለኝ ነገር ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ እንድታውቁት የምፈልገውም እሱን ነው። የጣልያን ከተሞች አሮጌው መሀላቸው ለማንኛውም መኪና ክፍት አይደለም። «ዞና አ ትራፊኮ ሊሚታቶ» ይሉታል፣ ባጭሩ ዜድ ቲ ኤል። ፈቃድ ያለው መኪና ብቻ ነው የሚገባው። በር የለውም፣ ሰንሰለት የለውም፣ የሚያስቆም ፖሊስም የለም። ያለው ምልክትና ካሜራ ብቻ ነው። ምልክቱ ነጭ ክብ ሆኖ ዙሪያውን ቀይ ነው፣ ከሥሩ ሰዓቱ ተጽፏል። ካሜራው ታርጋችሁን ያነሳል፣ አለቀ።

እኔ የገባሁት ቶስካና ውስጥ ባለች አንድ ከተማ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የስልኬ ካርታ «ወደ ግራ ታጠፍ» አለኝ፣ ታጠፍኩ። መብራት ያለው ሰሌዳ ላይ «ቫርኮ አቲቮ» የሚል ጽሑፍ አየሁ። «አቲቮ» ስላለ መግቢያው ክፍት ነው ማለት መሰለኝ። ትርጉሙ ግን ተቃራኒው ነው። ካሜራው እየሠራ ነው፣ አትግባ ማለት ነው። መግባት የሚቻለው «ቫርኮ ኖን አቲቮ» ሲል ነው። ሆቴሉን አጣሁት፣ ዞሬ በሌላ መግቢያ እንደገና ገባሁ። ለሁለቱም ተቀጣሁ።

ያን ምሽት ማንም ምንም አላለኝም። ከሁለት ወር በኋላ አከራዩ ድርጅት ከካርዴ ላይ ገንዘብ ወሰደ። ቅጣቱን ከፈሉልኝ ብዬ አሰብኩ። አልነበረም። ስሜንና አድራሻዬን ለፖሊስ ስላስተላለፉ ብቻ የወሰዱት የአገልግሎት ክፍያ ነው፣ ውሉ ላይ ተጽፏል። ቅጣቱ ራሱ ከስምንት ወር በኋላ በፖስታ መጣ። ውጭ አገር ለሚኖር ሰው ማስታወቂያውን ለመላክ ሕጉ 360 ቀን ይሰጣቸዋል። ስለዚህ «ቆየ፣ ተረስቷል» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከመጣ በደረሳችሁ በ5 ቀን ውስጥ ከከፈላችሁ በአብዛኛው ቅጣት 30 በመቶ ይቀነሳል። እኔ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስላቆየሁት ያ ቅናሽ አመለጠኝ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ማደሪያችሁ የከተማ ቅጥር ውስጥ ከሆነ አስቀድማችሁ ጻፉላቸው፦ «በመኪና እንመጣለን፣ የት እናቁም?» ብዙ ሆቴሎች የእንግዳን ታርጋ ለከተማው አስመዝግበው ያስገባሉ። ካልሆነም ከቅጥሩ ውጪ ያለውን ማቆሚያ ይነግሯችኋል። ካርታው ላይ ደግሞ የሆቴሉን አድራሻ ሳይሆን የማቆሚያውን አድራሻ ጻፉ። ይሄን ካደረግሁ ወዲህ አንድም ቅጣት አልመጣብኝም።

መኪናውን ከየት ትውሰዱ? ፍሎረንስ መሀል ካሉት ቢሮዎች ሳይሆን ከፔሬቶላ ኤርፖርት። ከመሀል ከተማ ትራም አለ፣ ቲ 2 የሚባለው፣ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። መሀል ካሉት ቢሮዎች አንዳንዶቹ የዚያው የተከለከለ ቀጠና አፋፍ ላይ ናቸው። ሲወጡም ሲመልሱም መሳሳት ቀላል ነው። ከኤርፖርቱ ግን በቀጥታ ወደ ዋናው መንገድ ነው የምትወጡት። ባለቤትሽ የመጀመሪያዋን ግማሽ ሰዓት በጠባብ ጎዳና ሳይሆን በሰፊ መንገድ ቢጀምር ፍርሃቱ ግማሹ ይለቀዋል።

ከመሄዳችሁ በፊት የምታዘጋጁት ብዙ አይደለም፣ ግን አንዱ ከጎደለ መኪናውን አይሰጧችሁም። መንጃ ፈቃዳችሁ ከአውሮፓ ህብረት ውጪ የወጣ ከሆነ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድም ያዙ። የሚወጣው ፈቃዱን በሰጣችሁ አገር ነው፣ ጣልያን ከደረሳችሁ በኋላ አይገኝም። ብቻውንም አይሠራም፣ ዋናው ፈቃድ አብሮ መኖር አለበት። ሌላው ክሬዲት ካርድ ነው። በሚነዳው ሰው ስም መሆን አለበት። የባለቤትሽ ስም ውሉ ላይ ሆኖ ካርዱ ያንቺ ከሆነ አከራዩ ቢሮ ጠረጴዛ ጋ ችግር ይፈጠራል። ዴቢት ካርድ ብዙዎቹ አይቀበሉም።

ማርሹን አስቡበት። አንድ ሰው «አውቶማቲክ» ብሎ ካልመረጠ በአብዛኛው የሚደርሰው ባለ ማንዋል ነው። ማንዋል ካልለመዳችሁ ዋጋው ቢጨምርም አውቶማቲክ ያዙ፣ ቀደም ብላችሁም ያዙ፣ ቁጥራቸው ትንሽ ነው። ኮረብታ ላይ፣ ዳገት መሀል፣ ከኋላ መኪና ተጠግቶ ሳለ ፍሪሲዮን መለማመድ አያስፈልግም። ለልጆቹ ደግሞ ቁመታቸው ከ150 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የልጅ መቀመጫ ግዴታ ነው። መከራየት ይቻላል፣ ግን ለ5 ቀን ከሚያስከፍሉት ይዞ መሄዱ ይረክሳል።

ወደ ኢንሹራንሱ ልለፍ። ኪራዩ ውስጥ መሠረታዊ ሽፋን አለ። ግን አደጋ ቢደርስ የመጀመሪያውን ድርሻ እናንተ ናችሁ የምትችሉት። «ፍራንኪጃ» ይሉታል፣ ከ1,000 ዩሮ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ያችን ገንዘብ ነው መኪናውን ስትወስዱ ካርዳችሁ ላይ የሚይዙት። አይወስዱትም፣ ያግዱታል፣ መኪናው በሰላም ሲመለስ ይለቁታል። ስለዚህ ካርዱ ላይ በቂ ቦታ ይኑር።

ጠረጴዛው ጋ ያለው ሠራተኛ ይሄን ድርሻ ዜሮ የሚያደርግ ተጨማሪ ሽፋን ይሸጥላችኋል። በቀን ሲታይ ትንሽ ይመስላል፣ ሲደመር ግን አንዳንዴ ከኪራዩ ይበልጣል። ሌላው መንገድ ከመሄዳችሁ በፊት ከገለልተኛ የኢንሹራንስ ድርጅት ያንኑ ድርሻ የሚመልስ ፖሊሲ መግዛት ነው። በጣም ይረክሳል። ልዩነቱ ግን ይግባችሁ፦ ጉዳት ከደረሰ መጀመሪያ እናንተ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ ደረሰኝ አቅርባችሁ ይመለስላችኋል። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። እናንተ ግን ባለቤትሽ የሚጨነቅ ሰው ከሆነ፣ ለአምስት ቀን የአከራዩን ሽፋን መግዛት ጥፋት አይደለም። አእምሮው ያርፋል። የትኛውንም ብትመርጡ ጎማ፣ ቸርኬ፣ መስታወትና የመኪናው ሆድ መካተታቸውን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ከሽፋን የሚወጡት እነሱ ናቸው።

ቁልፉን እንደተቀበላችሁ አትንዱ። በስልክ ቪዲዮ አንሱ። ዙሪያውን፣ አራቱንም ቸርኬ፣ ጣራውን፣ የነዳጁን መጠንና ኪሎ ሜትሩን። ውሉ ላይ ያልተጻፈ ጭረት ካያችሁ አስጽፉ። ሲመልሱም ያንኑ። በሦስተኛው ጉዞዬ ቢሮው ከተዘጋ በኋላ ቁልፉን ሳጥን ውስጥ ጥዬ ሄድኩ። ከሳምንት በኋላ የቸርኬ ጭረት ሒሳብ መጣ። ስወስደው የነበረውን ቪዲዮ ላክሁላቸው፣ ጭረቱ ያኔም ነበረ፣ ሒሳቡ ተሰረዘ። ቪዲዮው ባይኖር ምን እል ነበር?

መንዳቱ ራሱ ባለቤትሽ እንደፈራው አይደለም። በቀኝ ነው የሚነዳው። ከፍሎረንስ ሲዬና የሚወስደው ባለ አራት ረድፍ መንገድ ክፍያ የለውም፣ ርዝመቱ 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠባብ ስለሆነ ግን ቀኙን ይዛችሁ በርጋታ ሂዱ። ዋናው አውቶስትራዳ፣ ኤ 1 የሚባለው ከሚላን ኔፕልስ የሚዘልቀው፣ በክፍያ ነው። ስትገቡ ቲኬት ትወስዳላችሁ፣ ስትወጡ ትከፍላላችሁ። መክፈያው ጋ ስትደርሱ ፍጥነት ቀንሱና ከላይ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ። «ቴሌፓስ» ብቻ የተጻፈበት ቢጫ መስመር ውስጥ አትግቡ፣ እሱ መሣሪያ ለተገጠመላቸው ነው። ሰማያዊው በካርድ፣ ነጩ በጥሬ ገንዘብ ነው። ተሳስታችሁ ከገባችሁ ወደ ኋላ አትመለሱ፣ እሱ በጣም አደገኛ ነው። የእርዳታ ቁልፉን ተጫኑ፣ ወረቀት ይሰጣችኋል፣ በኋላ ትከፍላላችሁ።

የፍጥነት ወሰኑ አውቶስትራዳ ላይ 130 ነው፣ ሲዘንብ 110። ከከተማ ውጪ ባለ ተራ መንገድ 90፣ ከተማ ውስጥ 50። አውቶስትራዳው ላይ «ቱቶር» የሚባል አሠራር አለ። በሁለት ነጥብ መሀል የሄዳችሁበትን አማካይ ፍጥነት ያሰላል። ካሜራ ሲያዩ ፍሬን ይዞ ሲያልፉ መልቀቅ እዚያ አይሠራም። ከኋላችሁ ተጠግቶ መብራት የሚያበራ ሰው ይመጣል፣ ይሄ እዚያ የየቀኑ ነገር ነው። አትናደዱ፣ አትፍጠኑ፣ ቀኙን ይዛችሁ አሳልፉት። ስልክ በእጅ መያዝ ቅጣቱ ከ250 ዩሮ ይጀምራል፣ ስለዚህ ካርታውን አንቺ ያዢ።

ቶስካና የወይን አገር ነውና ይሄንንም ልበል፦ የአልኮል ወሰኑ በሊትር ደም 0.5 ግራም ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ 3 ዓመት ላልሞላው ደግሞ ዜሮ። ልጆች ይዛችኋል። የሚነዳው ሰው አይቅመስ፣ ጠርሙሱን ገዝታችሁ ማታ ማደሪያችሁ ክፈቱት።

የገጠሩ መንገድ ነፍስ ያድሳል። ከፍሎረንስ ወደ ሲዬና በዋናው መንገድ ሳይሆን አንድ ቀን በግሬቬ በኩል በኪያንቲ ኮረብቶች ሂዱ። ይጠማዘዛል፣ ይዘገያል፣ ግን የመጣችሁለት እሱ ነው። ከሲዬና በስተደቡብ ቫል ዶርቻ አለ፣ ከ2004 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ሸለቆ። ፒየንዛ፣ ሞንታልቺኖና ሞንቴፑልቻኖ እርስ በርሳቸው ቅርብ ናቸው። አንዱ መንደር ላይ አራት ሌሊት እደሩና ከዚያ እየወጣችሁ ተመለሱ። በየቀኑ ሻንጣ መጫን ልጆቹን ያሰለቻል።

አንድ ነገር ግን፦ «ስትራዴ ቢያንኬ»፣ ማለትም ነጭ መንገዶች የሚባሉ የጠጠር መንገዶች አሉ። ብዙ የገበሬ ቤት ማደሪያዎች የሚገኙት በእነሱ መጨረሻ ላይ ነው። ቀስ ብሎ ለሄደ ችግር የላቸውም። ግን ጠጠር የመኪናውን ሆድና ጎማ ነው የሚመታው፣ ከሽፋን ይወጣሉ ያልኳችሁ እነሱኑ። የአንዳንድ ድርጅቶች ውል ደግሞ ከአስፋልት መውጣትን ጨርሶ ይከለክላል። ማደሪያ ስትይዙ መንገዱ ምን እንደሆነ ጠይቁ።

መንደሮቹ ጋ ስትደርሱ ከቅጥሩ ውጪ አቁሙ። ሳን ጂሚኛኖም እንደዚያው ነው። ሲዬና ላይ ሳንታ ካተሪና የሚባል ማቆሚያ አለ፣ ከሱ ወደ ላይ ከተማው ድረስ በኤሌክትሪክ ደረጃ ትወጣላችሁ። የመሬቱን ቀለም እዩ። ሰማያዊ መስመር በክፍያ ነው፣ ነጭ በአብዛኛው ነፃ፣ ቢጫ ለተለየ ተጠቃሚ የተያዘ። ነጭ ላይም ቢሆን ሰሌዳውን አንብቡ። የመንገድ ጽዳት ቀን ከሆነ መኪናውን ጭነው ይወስዱታል።

ስለ ቋንቋው አትጨነቁ። ግማሹን ታውቁታላችሁ። ጎማ፣ ፍሬቻ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቤንዚን፣ መኪና ራሱ፣ ሁሉም ከነሱ ቋንቋ የመጡ ቃላት ናቸው። እኔ ጎማዬ ሲተነፍስ «ጎማ» ብዬ ብጠቁም ሰውየው ወዲያው ገባው። መጠንቀቅ ያለባችሁ ማደያ ላይ ነው። ናፍጣ «ጋዞሊዮ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። እንግሊዝኛ የለመደ ሰው ቤንዚን ነው ብሎ ይቀዳል፣ ሞተሩም ይበላሻል። የመኪናችሁ ነዳጅ ምን እንደሆነ ክዳኑ ላይ አንብቡ። «ሰልፍ» የሚለው ራሳችሁ የምትቀዱበት ነው፣ «ሰርቪቶ» የሚለው ሠራተኛ የሚቀዳበት፣ እሱ ይወደዳል። ስትመልሱ ደግሞ ፔሬቶላ ከመድረሳችሁ በፊት ሞልታችሁ ደረሰኙን ያዙ።

መኪናውን በጠዋት ውሰዱ፣ ቢሮው ክፍት ሳለ መልሱ። የመጀመሪያው ቀን ማታ አትንዱ፣ የገጠሩ መንገድ መብራት የለውም። ፒየንዛ ወይም ሞንታልቺኖ አካባቢ ማደሪያ ከያዛችሁ ስሙን እዚህ ጻፊልኝ። መንገዱ አስፋልት ይሁን ጠጠር፣ ማቆሚያውም ከቅጥር ውስጥ ይሁን ውጪ፣ ካርታ ላይ አይቼ እነግርሻለሁ።