ከምክራችሁ በፊት አካፋችሁን አንሡ

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወጣት የግብርና ባለሙያዎች ደጋግመው አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ የተጎዳን አፈር ለማከም ጥራጥሬ መዝራት ይበቃል ወይ? አይበቃም። ይህን ስል ጥራጥሬን ለማጣጣል አይደለም፤ ራሴ ያጠፋሁት ጥፋት ስላለ ነው።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ገበሬ የስንዴ ገለባውን ከማቃጠል ይልቅ ከአፈሩ ጋር አርሶ እንዲቀላቅለውና ወዲያው ስንዴ እንዲዘራበት መከርኩት። አለማቃጠሉ ትክክል ነበር፤ ችኮላው ግን የእኔ ነው። ቡቃያው ብዙም ሳይቆይ ቢጫ ሆነ። የስንዴ ገለባ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን 80 እጅ ያህል ካርቦን አለው፤ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን የሚመቻቸው ደግሞ ከ24 ለ1 የማይርቅ ምግብ ነው። የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ወሰዱ፤ ቡቃያው ተራበ። በእርግጥ እነርሱ ሲሞቱ ይመለሳል፤ ቡቃያ ግን እስከዚያ አይጠብቅም። ገበሬው አልተቆጣኝም። ማሳው ዳር አቁሞኝ ዝም አለ፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥራጥሬ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ አፈሩን ያበለጽጋል ሲባልም ሳታዩ አትመኑ። በአበባ ወቅት አንድ የባቄላ ተክል በአካፋ ዙሪያውን ቆፍራችሁ አውጡ፤ ጎትታችሁ ከነቀላችሁት ባክቴሪያ የሚኖርባቸው የሥሩ ትንንሽ እባጮች አፈር ውስጥ ይቀራሉ። አንዱን እባጭ በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ከአየር ናይትሮጅን እየሰበሰቡ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ ከሆነ ሥራ የለም። ሥራ ቢኖርም ሒሳቡ አላለቀም። አብዛኛው ናይትሮጅን ፍሬው ውስጥ ይገባል፤ ፍሬው ወደ ጎተራ፣ ገለባው ወደ ከብት ከሄደ ለአፈሩ የሚቀረው ጥቂት ነው፤ አንዳንዴም አፈሩ ከነበረው ይጎድልበታል።

ስንዴና ገብስ አፈር አሟጣጭ ተብለው ይታማሉ። ሐሜቱ ግማሽ እውነት ነው። የእነርሱን ክር መሰል ሥር አጥባችሁ ሳይሆን ከነአፈሩ ተመልከቱት፤ ፀጉር የመሰሉት ሥሮችና አብረዋቸው የሚኖሩት የፈንገስ ክሮች ቅንጣቱን እንደ መረብ ይዘውታል። ከዚህ አፈር አንድ ደረቅ ጓል፣ ለዓመታት ያለ ዕረፍት ከታረሰ ባዶ መሬት ደግሞ ሌላ ጓል ወስዳችሁ ውሃ ባለበት ብርጭቆ አስቀምጡ። የኋለኛው ፈርሶ ውሃውን ያደፈርሰዋል፤ የፊተኛው ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ባቄላ በወፍራም ሥሩ ወደ ታች ቀዳዳ ይከፍታል፤ ቅሪቱ ግን ቶሎ ስለሚበሰብስ የሚሰጠው መያዣ ዕድሜው አጭር ነው።

ወደዚያ ገበሬ ልመለስ። በቀጣዩ ዓመት ገለባውን እንደገና ከአፈሩ ጋር ቀላቀለው፤ የዘራበት ግን ባቄላ ነበር። ናይትሮጅን በበዛበት አፈር ጥራጥሬ እባጭ ለማብቀል ይሰንፋል፤ ገለባው አፈሩን ስላስራበው ባቄላው ፊቱን ወደ አየር አዞረ። ሊያሳየኝ ሲጠራኝ ከአካፋዬ ጋር ሄድኩ። እባጩን በጥፍሩ የሰነጠቀው እርሱ ነው፤ ውስጡ ቀይ ነበር።