መልስ፦ መራመድ ለምን ቻት ሆኖ ይነበባል?

ወንድሜ፣ በኦንላይን ጌምህ ላይ አዲስ የንግድ ፓኬት (ክላየንቱ፣ ማለትም ተጫዋቹ ጋ ያለው ፕሮግራም፣ ከሰርቨሩ ጋር የሚለዋወጠው መልእክት) ከጨመርክ ወዲህ ተጫዋች ሲራመድ ሰርቨሩ እንደ ቻት እንደሚያነበው ጽፈሃል። ጥፋቱ ኢነሙ (ለእያንዳንዱ የፓኬት ዓይነት ቁጥር የሚሰጠው የስም ዝርዝር) ላይ ነው። ቁጥር ካልሰጠኸው ኮምፓይለሩ (ኮድህን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ከ0 ጀምሮ ራሱ ይቆጥራል። አዲሱን መሃል ስትሰካ ከሱ በታች ያሉት ሁሉ በ1 ይገፋሉ። አሮጌው ክላየንት መራመድን 3 ብሎ ይልካል፤ አዲሱ ሰርቨር ላይ ግን 3 ቻት ሆኗል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ቁጥር በእጅህ ጻፍ። የተሰረዘ ፓኬት ቁጥሩ ይቀመጥ፣ ለሌላ አትስጠው። ኢነሙ ያለበት ፋይል አንድ ብቻ ይሁን፣ ሁለቱም ወገኖች ከሱ ይውሰዱ። ኮፒ አድርጎ ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ውሎ አድሮ መለያየቱ አይቀርም። ክላየንቱና ሰርቨሩ በተለያየ ቋንቋ ከተጻፉ ደግሞ የሁለቱንም ኮድ ከአንድ የመግለጫ ፋይል በስክሪፕት አውጣ።

የፕሮቶኮል (ሁለቱ የሚነጋገሩበት ደንብ) ቨርዥን ቁጥርም ጨምር። መጀመሪያ ሲገናኙ ይላክ፤ ካልገጠመ ሰርቨሩ «ጌሙን አፕዴት አድርግ» ብሎ ይዝጋ። ይሄ ብቻ ስንት ሰዓት ያተርፍልሃል!

አንድ ነገር አደራ፦ የስም ርዝመትና የዕቃ ብዛት ገደቦች የጋራ ቢሆኑም ሰርቨሩ እንደገና ይፈትሻቸው። ክላየንቱ ያለው ተጫዋቹ እጅ ነው፣ እንደፈለገ ሊቀይረው ይችላል።