ሰዓቱ ከምን ተሠራ? ስለ ቫይል የስበት ቲዎሪ ለቀረበው ጥያቄ

ጠያቂያችን «አይንስታይን ገና እ.ኤ.አ. በ1918 የተቃወመውን የቫይልን ሐሳብ የማስተርስ ጥናቴ ባደርገው ጊዜዬን ማባከን አይሆንብኝም ወይ?» ብለዋል። እኔም የማስተርስ ጽሑፌን የሠራሁት በዚሁ ጉዳይ ላይ ስለሆነ፣ አራት ወር ያህል ያስከፈለኝን ስሕተት ጨምሬ ልመልስልዎት።

በአጠቃላይ አንጻራዊነት (በአይንስታይን የስበት ቲዎሪ) አንድ ቬክተር፣ ማለትም አቅጣጫና ርዝመት ያለው ቀስት፣ በትይዩ ከነጥብ ወደ ነጥብ ሲወሰድ አቅጣጫው በተጓዘበት መንገድ ይለወጣል፤ ርዝመቱ ግን አይነካም። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ኸርማን ቫይል ርዝመት ይህን ልዩ መብት ከየት አገኘው ብሎ ጠየቀና የርዝመት መለኪያችንን በየነጥቡ እንደፈለግን እንድንመርጥ ፈቀደ። መለኪያዎቹን የሚያስተሳስር አንድ ቬክተር መስክ ጨመረ፤ ያንንም መስክ የኤሌክትሮማግኔት ፖቴንሻል (የኤሌክትሪክና የማግኔት መስኮች የሚወጡበት) ነው አለው። አይንስታይን በሐሳቡ ውበት ቢደነቅም ተቃውሞው ከጽሑፉ ጋር አብሮ ታተመ፦ ነገሩ እንዲህ ከሆነ በተለያየ መንገድ ተጉዘው የተገናኙ ሁለት ሃይድሮጅን አቶሞች የተለያየ የብርሃን ድግግሞሽ ሊኖራቸው ነው፤ እኛ የምናየው ግን የሃይድሮጅን መስመሮች አቶሙ ከየትም ቢመጣ አንድ መሆናቸውን ነው። ይህ «ሁለተኛው የሰዓት ውጤት» ይባላል። የመጀመሪያው የታወቀው የመንትዮቹ ጉዳይ (ተጉዞ የተመለሰው መንትያ ከቀረው ያነሰ ዕድሜ የሚቆጥርበት) ሲሆን፣ በእርሱ የተለያየው የተቆጠረው ጊዜ ነው እንጂ ሰዓቶቹ ከተገናኙ በኋላ የሚመቱበት ፍጥነት አይደለም።

ከዚያ በኋላ የፊዚክስ ሊቁ ፍሪትዝ ሎንደን በ1927፣ ቫይል ራሱም በ1929 ሐሳቡን ከርዝመት አንሥተው ወደ ኳንተም ሞገድ ፌዝ (ሞገዱ በዑደቱ ውስጥ ወዳለበት ደረጃ) አዛወሩት፤ ኃይሎችን ከእንዲህ ያለ በየነጥቡ የመምረጥ ነጻነት የሚያወጣው የዛሬው ጌጅ ቲዎሪም ከዚያ በቀለ። የፊዚክስ ሊቁ ኪብል በ1961 ስበትን ከፖይንካሬ ሲሜትሪ (ከቦታና ከጊዜ ሽግግርና ሽክርክር ሲሜትሪ) ሲያወጣው ደግሞ የስኬልን፣ ማለትም የርዝመት መለኪያን በየነጥቡ የመምረጥን፣ ሲሜትሪ መልሶ ለመጨመር መንገድ ተከፈተ፤ አሁን ቬክተሩ በአብዛኛው ኤሌክትሮማግኔት ነው አይባልም።

የእኔ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። የሰዓቱን ምት በባዶ ጂኦሜትሪ ብቻ፣ በመንገዱ ርዝመት አሰላሁና መንገድ ላይ የተመሠረተ ውጤት ስላገኘሁ «ቲዎሪው ወደቀ» ብዬ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፍኩ። አማካሪዬ ምዕራፉን አንብበው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ይህ ሰዓት ከምን ተሠራ?» የሃይድሮጅን ድግግሞሽ ከኤሌክትሮን ግዝፈት ጋር ቀጥተኛ ተመጣጣኝ ነው። ይህ የስኬል ሲሜትሪ በትክክል የሚጠበቅ ከሆነ ግን አክሽኑ (የቲዎሪው እኩልታዎች የሚወጡበት ቀመር) ውስጥ ቋሚ ግዝፈት በቁጥር ማስገባት አይቻልም፤ ግዝፈት ከአንድ ስኬላር መስክ (በየነጥቡ አንድ ቁጥር ብቻ ካለው መስክ) መምጣት አለበት። የዚህ መስክ ክብደት (መለኪያው ሲለወጥ በስንት ኃይል እንደሚለወጥ የሚናገረው ቁጥር) −1፣ የመንገዱ ርዝመት ክብደት ደግሞ +1 ስለሆነ ብዜታቸው በመለኪያ ምርጫ አይለወጥም። መስኩ በአንድ ነጥብ ላይ አንድ ዋጋ ብቻ ስላለው፣ የተገናኙት አቶሞች ታሪካቸው ምንም ይሁን ምን ድግግሞሻቸው እኩል ይሆናል። የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ሆብሰንና ላሰንቢ በ2020 ይህን ሙግት በዝርዝር አቅርበዋል፤ የማይስማሙ ቢኖሩም፣ እኔ ግን ምዕራፌን ቀድጄ ጥዬዋለሁ።

ስለዚህ የሚያሰጋዎት የአይንስታይን ተቃውሞ ሳይሆን ሌላ ነው። ስኬላሩን ቋሚ የሚያደርግ መለኪያ ሲመርጡ አክሽኑ ውስጥ የስኬላሩ ካሬ በከርቬቸር (በቦታና ጊዜ ጥምዝነት) የተባዛበት ቃል ተራው የአይንስታይን አክሽን ይሆናል። ቬክተሩ ጨርሶ በሌለበትና ስኬላሩ ብቻ ባለበት ሞዴል፣ የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ጃኪቭና ፒ በ2015 እንዳሳዩት፣ የሲሜትሪው ከረንት (ከሲሜትሪው የሚወጣው የሚጠበቅ መጠን ፍሰት) ዜሮ ነው፤ ሲሜትሪውንም የውሸት ብለውታል። ቬክተሩ ሲኖር ደግሞ ብዙ ጊዜ ግዝፈት ያገኛል፤ የጥምረት ቋሚው (ቬክተሩ ከሌሎች መስኮች ጋር የሚያያዝበት ጥንካሬ) እጅግ ትንሽ ካልሆነ በቀር ይህ ግዝፈት ወደ ፕላንክ መጠን (እጅግ ትልቅ ወደ ሆነው የኳንተም ስበት የግዝፈት ልክ) ይጠጋል፣ ያን ያህል ከባድ መስክ ደግሞ በማናቸውም ሙከራ አይደረስበትም። አማካሪዎ ርዕሱን ከማጽደቃቸው በፊት መለኪያው ከተመረጠ በኋላ ከአጠቃላይ አንጻራዊነት የሚለይ ምን እንደሚቀር በአንድ ገጽ ጽፈው ያሳዩአቸው። ገጹን ሲጀምሩ የየመስኩን ክብደት በሰንጠረዥ ያስቀምጡ፦ የሜትሪኩ (ርቀትን የሚወስነው መስክ) ዲተርሚናንት ካሬ ሥር +4፣ ከርቬቸር ስኬላሩ −2፣ ስኬላር መስኩ −1። እኔ ይህን ሰንጠረዥ የሠራሁት በአምስተኛው ወር ነበር።